ሌክሶል ለመኪና የቆዳ ወንበር፦ መጀመሪያ ብርቱካናማውን ግዙ

ሌክሶል የቆዳ መንከባከቢያ ነው፣ ለመኪና ወንበር የሚሆነው ሁለት ጠርሙስ ነው። ብርቱካናማው ማጽጃ፣ ቡናማው ኮንዲሽነር። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ቡናማውን ብቻ አንስቶ ይወጣል። ወንበሩ ደርቋል ብሎ ስለሚያስብ የሚፈልገው የሚያለሰልስ ነገር ነው። እኔ ግን የምላችሁ፣ አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ብርቱካናማውን ግዙ። ሁለቱንም ከገዛችሁ ደግሞ ከድካማችሁ አብዛኛውን እሱ ላይ አውሉት። ይህን የምጽፈው በተለይ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት ለምንነዳው ነው። ቀኑን ሙሉ የምንውለው እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ ተሳፋሪም በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ኡበር ብላክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጥቁር የቆዳ ወይም የቪኒል ወንበር ግዴታው ስለሆነ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

የኔ መኪና የ2013 ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነው። ወንበሩ ቆዳ፣ ቀለሙ ቤዥ። ቤዥ ወንበር ለሥራ መኪና ፈተና ነው። የጂንስ ቀለም ይይዛል፣ ቡና ይይዛል፣ የእጅ ሎሽን ይይዛል፣ በበረዶ ጊዜ ደግሞ ከመንገዱ ጨው ጋር የሚገባው ጭቃ አለ። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ስለ ሹፌሩ ወንበር ሲነግረኝ «ቀለሙ ትንሽ ለቋል፣ ያው የዕድሜ ነገር ነው» ብሎኝ ነበር።

እውነት ለቆ እንደሆነ ለማየት ወንበሩን መሃል ለመሃል በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ከፈልኩትና ግራውን ብቻ አጸዳሁት። ማጽጃውን ለስላሳ ብሩሽ ላይ ረጭቼ በቀስታ ማሽከርከር ጀመርኩ። አረፋው መጀመሪያ ነጭ ነበር። ወዲያው ቡናማ ሆነ፣ ስፌቱ መሃል የተጠራቀመው ደግሞ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። በነጭ ማይክሮፋይበር ጠረግኩት። ጨርቁ እንደገና ለመጠቀም የሚያስመኝ አልነበረም። ከዚያ ፕላስተሩን ስላጥ መሃሉ ላይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በግራ ቤዥ፣ በቀኝ ግራጫ። ቀለም የለቀቀ ነገር የለም። ወንበሩ ቆሽሾ ነው የኖረው። አብሮኝ ኤርፖርት ወረፋ የሚይዝ ወዳጄ ሁለቱንም ግማሽ ከጨረስኩ በኋላ አይቶት «ወንበር አስቀየርክ እንዴ?» ነው ያለኝ።

ይሄ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ዛሬ መኪና ላይ የሚገጠመው ቆዳ አብዛኛው ቀለም የተቀባ ነው። ከቀለሙ በላይ ደግሞ ፖሊዩረቴን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ስስ ግልጽ ሽፋን አለው። እጃችሁ የሚነካው ያንን ሽፋን ነው እንጂ ቆዳውን አይደለም። ላብም፣ ወዝም፣ የጸጉር ቅባትም፣ አቧራም የሚጋገረው እዚያ ላይ ነው። ወዙ አቧራውን ይይዘዋል። አቧራው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። በተቀመጣችሁና በተነሳችሁ ቁጥር ያ አሸዋ ሽፋኑን ይፍቀዋል። የሹፌር ወንበር ግራ ጠርዝ፣ ስንገባና ስንወጣ የምንታከከው ያ ከፍ ያለ ጎን፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚላጠው ለዚህ ነው። ቆሻሻው ሳይነሳ ኮንዲሽነር መቀባት ፊት ሳይታጠቡ ሎሽን እንደመቀባት ነው። ለጊዜው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሌላ አቧራ ይጠራል።

ታዲያ ለምን በሌላ ሳሙና አናጥበውም? ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ለፍቶ ሲወጣ ትንሽ አሲድነት ይዞ ነው። የልብስ ሳሙና፣ ለሁሉ ነገር ይሆናል የሚባለው ከባድ ማጽጃ፣ በረኪና፣ እነዚህ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ናቸው፣ አይስማሙትም። ሽፋኑንም ቀስ በቀስ ይበሉታል። የሌክሶል ማጽጃ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ለቆዳ ተብሎ የተመጠነ ነው። ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች ለኮርቻቸው የሚጠቀሙበት ዕቃ ነው፣ የፈረስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ለኮርቻ ነው ስላልኩ ግን አትሳቱ፤ «የኮርቻ ሳሙና» የሚባለው በቆርቆሮ የሚሸጠው ጠጣር ነገር ሌላ ነው። እሱ አልካላይ ስለሆነ መኪና ወንበር ላይ ባታደርሱት ይሻላል።

አሁን ስለ ማብረቅረቅ ላውራ፣ ምክንያቱም እኛ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንታለለው። የሚያንጸባርቅ ነገር እንወዳለን። ጫማ ሲያበራ ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ወንበርም ሲያበራ ንጹሕ ይመስለናል። አዲስ የመኪና ቆዳ ግን አያበራም። ፈዘዝ ያለ ነው። ካላመናችሁ ዲለር ግቡና አዲስ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ወንበሩን በብርሃን በኩል አዘንብላችሁ እዩት። የእናንተው መኪና ውስጥም ማንም የማይቀመጥበትን የኋላውን መሃል ቦታ ከሹፌሩ ወንበር ጋር አስተያዩት። የሹፌሩ ካበራ ያ የሰው ወዝ ነው። በደንብ ሲጸዳ ብልጭልጩ ይጠፋና ወደ ፈዛዛው ይመለሳል፣ ሲዳስሱትም ደረቅና ለስላሳ ነው። እዚያ ስትደርሱ «ወዙን አጠፋሁት» ብላችሁ አትደንግጡ። የተፈለገው እሱ ነው።

እዚሁ አካባቢ አንድ መኪና አጣቢ ቤት «የቆዳ ትሪትመንት» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አስከፍሎኝ የሠራልኝ ሥራ ዛሬም ያናድደኛል። ወንበሩን እንኳን በውሃ ሳያብሱ፣ አንድ የሚያንሸራትት ነገር ከላይ ረጭተው አሻሹት። ሲታይ ያምራል። ሽታውም ያውዳል። ማታ ግን ጥምዝ መንገድ ላይ ተሳፋሪው ወደ በሩ ሲንሸራተት በመስታወት አየሁት። በቀናት ውስጥ ደግሞ አቧራው ሁሉ ተለጥፎበት ከበፊቱ ባሰ። ለአጣቢ ቤት የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ከመቀባታችሁ በፊት በምን ታጸዱታላችሁ?» ሰውዬው ብሩሽና ማጽጃ ካላሳያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይሄ ነው። ፀሐይ ላይ አይሆንም፤ የጋለ ወንበር ላይ ማጽጃው ቶሎ ይደርቅና ዱካ ይተዋል። ጥላ ፈልጉ። መጀመሪያ በቫኪዩም ፍርፋሪውን ከስፌቱና ከመቀመጫውና ከመደገፊያው መጋጠሚያ ሳቡ፤ ይህን ከዘለላችሁ ብሩሹ ያንኑ አሸዋ ይዞ ይፈትጋል። ከዚያ ማጽጃውን ብሩሹ ላይ ወይም ጨርቁ ላይ ርጩ እንጂ ወንበሩ ላይ አትርጩ። ወንበራችሁ የሚያቀዘቅዝ፣ ማለትም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። ፈሳሹ በቀዳዳው ገብቶ ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል፣ ከታች ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ፣ ሰው መቀመጡን የሚያውቀው ሴንሰርም አለ። አንድ መዳፍ የሚያክል ቦታ ብቻ ሥሩ፣ አረፋው ሳይደርቅ ጥረጉ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ጨመቅ ባለ እርጥብ ጨርቅ ሁሉንም አብሱትና በሮቹን ከፍታችሁ አስነፍሱት። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጠንካራ የወለል ብሩሽ ሽፋኑን ይጭረዋል። ግድግዳ የሚያጸዳው ነጩ የሜላሚን ስፖንጅም ቆሻሻ የሚያነሳው እየፋቀ ስለሆነ ወንበር ላይ አታስነኩት፤ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ሽፋኑንም ነው የሚወስደው።

የእኛ ነገር ሆኖ ወጥ አለ። ከምግብ ቤት የተጠቀለለ ቀይ ወጥ ከላስቲኩ ሾልኮ ቤዥ ወንበር ላይ ያረፈበት ሰው ይገባዋል። የበርበሬው ቀለም በዘይት የሚሟሟ ነው፣ ስለዚህ ከቅቤው ጋር አብሮ ይጓዛል። እዚህ ጊዜ መፈተግ አይደለም የሚያዋጣው። ወፍራሙን በማንኪያ ወይም በካርድ ጠርዝ አንሱት። ከዚያ የወረቀት ፎጣ ጫን እያደረጋችሁ አስመጥጡት፣ በየጊዜው ወረቀቱን ቀይሩ። ከዚያ ነው ማጽጃው፤ ከዳር ወደ መሃል፣ ነጠብጣቡ እንዳይሰፋ። ሌክሶል ለትኩስ ወጥና ለቡና በደንብ ይሠራል። ያደረ ከሆነና ቀለሙ ስፌቱ ክር ውስጥ ከገባ ግን ክሩ ላይ ቢጫ ነገር ይቀራል። ክሩ ሽፋን የለውም፣ ይጠጣል።

የጂንስ ሰማያዊው ሌላ ጉዳይ ነው። አዲሱ ይለቃል። ወራት የቆየው ግን ሽፋኑ ውስጥ ስለሚሰርግ ይህ ለዘብ ያለ ማጽጃ አይነቅለውም፣ እንዲነቅለው መጠበቅም ፍትሐዊ አይደለም። ለዚያ የጀርመኑ ከለርሎክ ጠንከር ያለ የቆዳ ማጽጃ አለው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከወንበሩ ሥር፣ ሞክሩት። ጨርቁ የወንበሩን ቀለም ይዞ ከመጣ አቁሙ።

ወደ ቡናማው ጠርሙስ። ነጭ ፈሳሽ ነው፣ ዘይት ከውሃ ጋር ተዋህዶ የተሠራ። በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ትቀቡታላችሁ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ትተዉታላችሁ፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ። ስወድለት የምወደው አያበራም፣ አይጣበቅም። ተሳፋሪ ነጭ ሱሪ ለብሶ ቢቀመጥ አትሳቀቁም። ወንበሩ ሲነኩት ለስለስ ይላል፣ ቆዳ ከቆዳ ሲታከክ የሚያሰማው ጭርጭርታም ይቀንሳል። መፋተጉን ስለሚቀንስ ለዚያ ለጎኑ ጠርዝ ይጠቅማል። በቃ፣ ጥቅሙ ይሄን ያህል ነው። እውነቱን ለመናገር ሽፋን ያለው ቆዳ ውስጥ የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፣ በስፌቱና በቀዳዳው በኩል ካልሆነ።

ትልልቆቻችን ግን ይህን ሲሰሙ አይቀበሉም። «ቅባት አጠጣው፣ ቆዳ ቅባት ይወዳል» ይላሉ። አገር ቤት ቁርበትና ጠፍር በቅባት ታሽቶ ሲለሰልስ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ለቁርበቱ ልክ ናቸው። እዚያ ቆዳ ላይ ቀለምም ሽፋንም የለም፣ የሰጡትን ይጠጣል። የመኪናው ወንበር ላይ ግን ያው ቅባት ላይ ላዩን ይቀራል። የወይራ ዘይት የሚቀቡም አሉ። ዘይቱ ሙቀት ላይ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ በበጋ መስኮቱ ተዘግቶ የዋለ መኪና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። አስቡት።

ስንጥቅ ላለበት ወንበር ምንም ዓይነት ኮንዲሽነር አይመልሰውም። የተሰነጠቀው ቀለሙና ሽፋኑ ነው። ማስታወቂያ ላይ በአንድ ጊዜ ቅብ ስንጥቁ ሲጠፋ የሚያሳዩት ፎቶ አያታላችሁ። ስንጥቅ የሚጠገነው ተፍቆ፣ በመሙያ ተሞልቶ፣ እንደገና ቀለም ተቀብቶ ነው። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ፀሐይን የሚከላከለውም ኮንዲሽነሩ ሳይሆን ጥላና የፊት መስታወት መጋረጃ ነው።

ከሌሎች ጋር ሳወዳድረው ሜጓየርስ ጎልድ ክላስ የሚባለው ማጽጃም፣ ኮንዲሽነርም፣ መከላከያም በአንድ ጠርሙስ ነው። ንጹሕ ወንበርን በየሳምንቱ ለማበስ ደስ ይላል፣ ፈጣን ነው፣ ሽታው ጥሩ ነው። የተጋገረ ቆሻሻ ላይ ግን የምፈልገው እያጸዳ የሚቀባ ሳይሆን አጽድቶ የሚወጣ ነገር ነው። ሌዘር ሃኒ ደግሞ በጣም ወፍራም ነው። እነሱም ጠርሙሱን አሙቁት፣ ቀብታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተዉት ይላሉ። ለደረቀ ቦርሳና ለድሮ ቦት ጫማ ከሌክሶል እመርጠዋለሁ፣ እነሱ ይጠጡታልና። ለመኪናዬ ወንበር ግን አልገዛውም። ሁለት ሰዓት ተሳፋሪ የማይቀመጥበት መኪና ለእኛ የቆመ ገበያ ነው፣ ከዚያም በኋላ የሚጠረገው ብዙ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ወንበራችሁ ቆዳ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ስል የሚከፋቸው ሰዎች አሉ። ሌክሰስ ስለሆነ ቆዳ ነው ማለት አይደለም። የእኔው ሞዴል ራሱ መደበኛው ኑሉክስ የሚሉት ሰው ሠራሽ ቆዳ ነበር፣ እውነተኛው በጭማሪ የሚመጣ ነው። ቶዮታ ሶፍቴክስ ይለዋል፣ ቢኤምደብሊው ሴንሳቴክ፣ መርሴዲስ አርቲኮ። እውነተኛ ቆዳ ባለበት መኪናም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቆዳው የምትቀመጡበትና የምትደገፉበት ቦታ ብቻ ነው። የወንበሩ ጀርባና የታችኛው ጎን ቪኒል ነው። በመዳሰስ ለመለየት አትሞክሩ፣ ዛሬ ሰው ሠራሹ በጣም ያታልላል። በመኪናው የሻንሲ ቁጥር (VIN) የሞዴሉን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ ወይም ዲለሩን ጠይቁ። ሰው ሠራሽ ከሆነ ብርቱካናማው በደንብ ያጸዳዋል፤ ቡናማው ግን አያስፈልገውም፣ ገንዘባችሁን አትጣሉ። ሱፍነት ያለው አልካንታራ ወይም ኑበክ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አታስጠጉት፣ ይበላሻል።

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ የሥራ መኪና ላይ ማጽጃውን በወር አንድ ጊዜ፣ ኮንዲሽነሩን በሦስት አራት ወር አንድ ጊዜ ነው የምለው። ቤተሰብ ብቻ የሚጠቀምበት መኪና ከዚያ በጣም ባነሰ ይበቃዋል። መሃል ላይ በውሃ እርጥብ ባለ ማይክሮፋይበር ማበስ ከምታስቡት በላይ ይሠራል። ግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ብዙ ይቆያል፣ የአንዱ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ነው። አውቶዞንም፣ ዎልማርትም ኦንላይንም አለ። መግዣ ላይ ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ጽሑፉን አንብቡ። ሦስተኛ ዓይነት፣ ኒትስፉት (ከከብት እግር የሚወጣ ዘይት) የሚል አለ፤ እሱ ለኮርቻና ለልጓም ነው፣ ለወንበራችሁ አይደለም።

መሪውን አትርሱ። የመሪው ቆዳ ከወንበሩ ባሰ ይቆሽሻል፣ እኛም እጃችንን በሳኒታይዘር አሽተን ወዲያው እሱን ነው የምንይዘው። በ2020 ኮሮና ሲገባ ብዙዎቻችን ወንበሩንም መሪውንም በአልኮል ስናጥብ ነበር። አልኮል ያንን ሽፋን ያለሰልሰዋል፣ ያጣብቀዋል፣ ከዚያ ይላጣል። አሁን መሪያችሁ የሚያጣብቅ ከሆነ መጀመሪያ በብርቱካናማው አጽዱት፤ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ይለቃል። አጽድታችሁት ደርቆም የሚያጣብቅ ከሆነ ሽፋኑ ሄዷል፣ የሚቀጥለው የቀለም ባለሙያ ሥራ ነው። ሳኒታይዘሩ እጃችሁ ላይ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ መሪውን ያዙ።